«ባዶ ነው» የተባለው ምድርና የተደበቀው ምስክርነት

(ይህ ጽሑፍ በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር ነው። አድማጮቻችን በጽሑፍ እንዲወጣላቸው ስለጠየቁ እዚህ አትመነዋል። ከዓመተ ሂጅራው በስተቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት አድማጫችን ጥያቄ ልኮልን ነበር። በካዛኽስታን ምድር የሚገኝ፣ በአንድ ወቅት የኑክሌር ቦምብ ይሞከርበት የነበረ ሜዳ በቴሌቪዥን ያያል። ጎብኚዎች ጭምብል አጥልቀው፣ ጫማቸውን በላስቲክ ሸፍነው በፍርስራሹ መካከል ይዘዋወራሉ። አንዳንዶቹም ፈገግ እያሉ ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ወጣቱ ነገሩ ከነከነውና «የዚያ አገር ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ሰው እንዲህ ወዳለ ቦታ መሄዱ ምን ይጠቅማል? ዚያራ ነው ወይስ መዝናኛ?» ሲል ጠየቀን።

ጥያቄው በአንድ ቃል የሚመለስ መስሎን ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን ከጉብኝት በላይ የሆነ ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ የዛሬውን ጊዜያችንን ለዚሁ ልናውለው ወደድን።

ወደ ጥፋት ቦታ በምን ልብ ይገባል?

ቁርኣን በምድር ላይ እየተጓዝን ከእኛ በፊት የነበሩ ሕዝቦችን መጨረሻ እንድናስተውል በብዙ ቦታ ያሳስበናል። ስለዚህ የፈራረሰን ቦታ ማየት በራሱ ነውር የለበትም። ጥያቄው በምን ልብ ነው የምናየው የሚለው ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ተቡክ ሲጓዙ በሒጅር በኩል አልፈው ነበር። ሒጅር ነቢዩ ሷሊሕን (ዐ.ሰ) ያስተባበሉት የሠሙድ ሕዝቦች ቤታቸውን ከአለት ጠርበው የኖሩበት ስፍራ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባዎች እንደተላለፈልን፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸው እያለቀሱ ካልሆነ በቀር ወደ እነዚያ መኖሪያዎች እንዳይገቡ ከለከሉ። እርሳቸውም ተከናንበው፣ እርምጃቸውን አፍጥነው አለፉ። ከጉድጓዶቹ የተቀዳውን ውሃ እንዲደፉ፣ በዚያ ውሃ የተቦካውንም ሊጥ ለግመሎች እንዲሰጡ አዘዙ። ውሃ እንዲቀዱ የፈቀዱላቸው የሷሊሕ ግመል ትጠጣበት ከነበረው ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ከዚህ ትልቅ አደብ እንማራለን። ሰው ያለቀበት ቦታ መሳቂያና መጫወቻ አይደለም። እዚያ የደረሰ ሰው እግሩን ብቻ ሳይሆን ልቡንም ይዞ ሊሄድ ይገባዋል።

ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። የሒጅር ሰዎች ነቢይ ተልኮላቸው፣ ተነግሯቸው፣ ተመክረው እምቢ ያሉ ናቸው። ዛሬ የምናወራላችሁ ሕዝብ ግን ማንም አላስጠነቀቀውም፤ የሚደርስበትንም አልነገረውም። በዳይ ሳይሆን ተበዳይ ነው። በሒጅር ያለፈ ሰው ለራሱ ፈርቶ ያለቅሳል። በዚህኛው ምድር ላይ የቆመ ሰው ግን ከእንባው በኋላ የሚጠየቀው ነገር አለ። እርሱም ምስክርነት ነው። እንዴት እንደሆነ ታሪኩ ራሱ ይነግረናል።

«ሰው የለበትም» የተባለው ሜዳ

የዓለም የመጀመሪያው የአቶም ቦምብ በጁላይ 1945 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ በረሃ ተሞከረ። ወር ሳይሞላው በሂሮሺማና በናጋሳኪ ሕዝብ ላይ ተጣለ። በዚያን ጊዜ የሶቪየት ኅብረት መሪዎች ያው መሣሪያ በእጃቸው እንዲገባ ጥድፊያ ያዙ። በ1947 በምሥራቅ ካዛኽስታን፣ ከሴሚፓላቲንስክ ከተማ በስተምዕራብ የተንጣለለውን ሣራማ ሜዳ ለመሞከሪያነት መረጡ። ስፋቱ ከ18 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባን ከ30 ጊዜ በላይ ይይዛል ማለት ነው። ቦታው ሲመረጥ ሰው የማይኖርበት ባዶ ምድር እንደሆነ ተቆጠረ።

ምድሩ እውን ባዶ ነበርን? በፍጹም። በኢርቲሽ ወንዝ ዳር መንደሮች ነበሩ። በደገለንና በሽንግስታው ተራሮች ግርጌ በግና ፈረስ የሚያረቡ የካዛኽ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ካዛኾች በሐነፊ መዝሀብ የሚመሩ ሱኒ ሙስሊሞች ናቸው። በባህላቸው ልጅ ነፍስ ሲያውቅ እስከ ሰባት ቤት ያሉትን አባቶቹን በስም መቁጠር አለበት። ሟቾቻቸውን ለማስታወስ ሰባት ቂጣ በዘይት ጠብሰው፣ ቁርኣን አስቀርተው ለጎረቤት ያድላሉ። እኛ ቤት ሰደቃ እንደምንለው ማለት ነው። ታላቁ ባለቅኔያቸው አባይ ቁናንባዩሊ በ1845 የተወለደው በዚሁ አካባቢ ነው። በየኮረብታው ሥር የአባቶቻቸው ቀብር አለ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ሰባት አባቱን በስም የሚጠራ ሕዝብ የሚኖርበትና የተቀበረበት ምድር ነው «ባዶ» የተባለው። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት የመጀመሪያውን ጥፋት ያደረሰው ይህ ቃል ነበር። ሰውን እንደሌለ ከቆጠሩት በኋላ በላዩ ላይ የማይደረግ ነገር የለምና።

አርባ ዓመት በእሳት ሥር

ኦገስት 29 ቀን 1949 ከማለዳው 1 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው የሶቪየት አቶም ቦምብ በዚያ ሜዳ በቆመ የብረት ማማ ላይ ፈነዳ። ኃይሉ ከ22 ሺህ ቶን ፈንጂ ጋር የሚስተካከል ነበር። በዙሪያው የቦምቡን ጉዳት ለመለካት ሲባል ቤቶችና ድልድይ ተሠርተዋል፤ ታንክና አውሮፕላንም ቆመዋል። ከ1,500 በላይ በጎች፣ ውሾችና ሌሎች እንስሳትም በየርቀቱ ታስረዋል። አንዲት ድመት አስራ ያስራበች ሴት በእርሷ ምክንያት መቀጣቷን የነገሩንን ነቢይ ለምንከተል ሰዎች ይህ ብቻውን የሚያስደነግጥ ነው። ይሁንና እንስሳቱ ቢያንስ ተቆጥረዋል። ከሜዳው ውጭ ያሉት ሰዎች ግን አልተቆጠሩም። የፍንዳታው ደመና በነፋስ ተገፍቶ በኢርቲሽ ዳር ባለችው በዶሎን መንደር ላይ አለፈ። የመንደሩ ሰው ያን ዕለት እንደ ወትሮው ከብቱን አሰማርቶ፣ ላሙን አልቦ ዋለ።

አድማጮቻችን፣ ጉዳቱ እንዴት ወደ ሰው ቤት እንደሚገባ በቀላሉ እናስረዳችሁ። ፍንዳታው የመሬቱን አፈር አትንኖ ወደ ሰማይ ያወጣዋል። ያ አፈር ጨረር አመንጪ አቧራ ሆኖ በሣር ላይ ይወርዳል። ሣሩን ላም ትግጠዋለች። በአቧራው ውስጥ ያለው ጨረር አመንጪ አዮዲን በወተቷ ይወጣል። ወተቱን የጠጣው ልጅ አንገት ላይ ባለው ታይሮይድ በሚባለው እጢ ውስጥም ይጠራቀማል። ይህ አዮዲን በሳምንታት ውስጥ ይከስማል። ሲዚየምና ስትሮንቲየም የተባሉት ግን ግማሹ መጠናቸው እንኳ እስኪቀንስ ወደ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ፕሉቶኒየም ደግሞ ግማሹ እስኪቀንስ ከ24 ሺህ ዓመት በላይ ይወስዳል። እናት ለልጇ የምትሰጠው ወተት ውስጥ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይቀመስ ነገር ገባ ማለት ነው። አላወቀችም፤ የሚያውቁትም አልነገሯትም።

ኦገስት 12 ቀን 1953 ከመጀመሪያው ቦምብ ወደ ሃያ እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ያለው የሃይድሮጂን መሣሪያ ተሞከረ። በዚያን ጊዜ በሽንግስታው አቅራቢያ ያለችው የካራውል መንደር ነዋሪዎች ቀደም ብለው ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ። ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች ግን እዚያው እንዲቆዩ ተደረጉ። ከእነርሱ መካከል በሕይወት የቆዩት በኋላ ሲመሰክሩ፣ የቀሩት ለምን እንደሆነ ማንም እንዳልነገራቸው ተናግረዋል። በኖቬምበር 1955 በተደረገው ከዚያ የበለጠ ፍንዳታ ደግሞ ከሜዳው ውጭ አንዲት ሕፃን፣ በምሽግ ውስጥም አንድ ወታደር በፍርስራሽ ሥር ሞቱ። መሣሪያውን ከሠሩት ሳይንቲስቶች አንዱ አንድሬ ሳኻሮቭ ነበር። የእነዚህ ሁለት ሰዎች ሞት ኅሊናውን እንዳስጨነቀው በኋላ ጽፏል። ከዓመታት በኋላም የኑክሌር ሙከራን ከሚቃወሙት ዋነኛው ሆነ፤ በ1975ም የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው።

በዚያ ሜዳ ከ1949 እስከ 1989 ድረስ በጠቅላላው 456 ሙከራዎች ተደርገዋል። 116ቱ ከምድር በላይ፣ 340ዎቹ ከምድር በታች ነበሩ። ከ1963ቱ ስምምነት ወዲህ ሙከራው ወደ ምድር ውስጥ ወርዶ በደገለን ተራራ ዋሻዎችና በጥልቅ ጉድጓዶች ቀጠለ። የካዛኽስታን መንግሥት ለጨረሩ የተጋለጡትን ሰዎች ወደ 1.5 ሚሊዮን ያደርሳቸዋል።

ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ማግኘታቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሻጩ ዝናብ እንዳገኘው ቢናገርም፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑን አስታወቁት።

በሴሚፓላቲንስክም እንዲህ ያለ ክምር ነበር። በ1957 በከተማዋ አንድ የሕክምና ማዕከል ተከፈተ። በበሩ ላይ የተጻፈው ስም ብሩሴሎሲስ ከሚባለው፣ ከከብት ወደ ሰው ከሚተላለፈው በሽታ ጋር የተያያዘ ነበር። ከብት አርቢ ሕዝብ ይህን ስም ሲያይ ምን ይጠረጥራል? ለበሽታው መፍትሔ መጣልን ብሎ ነው የሚሄደው። የማዕከሉ እውነተኛ ሥራ ግን ጨረር በሰዎቹ አካል ላይ ያደረሰውን መመዝገብ ነበር። ደማቸው ይመረመራል፣ ይጻፋል፣ መዝገቡም በምስጢር ይቀመጣል። ሕመምተኛው ግን የሕመሙን ምክንያት ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚያው በ1950ዎቹ መጨረሻ ባሒያ አትቻባሮቭ የተባለ የካዛኽ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በመንደሮቹ እየተዘዋወረ ሕዝቡን መርምሮ ነበር። ካይናር በተባለች መንደር ያገኙትን የሕመም ምልክቶች ስብስብ በመንደሯ ስም ጠሩት። ይሁንና ሥራቸው እንዲቆም ተደረገ፤ ያገኙትም ለሕዝብ ሳይገለጥ ብዙ ዓመት ቆየ።

ቁርኣን ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት እንደሆነ ያስተምረናል። እኛም እንላለን፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦምቡ አንድ በደል ነው፤ ዝምታው ሁለተኛ በደል ነው። ቦምቡ በሰከንድ ይፈነዳል። ዝምታው ግን አርባ ዓመት ሙሉ በየዕለቱ ተደጋገመ። እውነቱ ቢነገር ኖሮ ስንት እናት ያን ወተት ትደፋው ነበር! በሒጅር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የተቦካ ሊጥ እንኳ ከሰው አፍ እንዲርቅ ያዘዙት ለባልደረቦቻቸው አዝነው ነበር። በዚህ ሜዳ ግን የሚያውቁት ሰዎች ሊጡ ሲጋገርና ሲበላ ቆመው ይመዘግቡ ነበር።

ሕዝቡ አፉን የፈታበት ቀን

በፌብሩዋሪ 1989 ከምድር በታች ከተደረጉ ሙከራዎች ጨረር ያለው ጋዝ አምልጦ ወጣ። ነገሩን የሰማው የካዛኽ ባለቅኔ ኦልዣስ ሱሌይመኖቭ በቴሌቪዥን ቀርቦ ግጥም ያነባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ግጥሙን ትቶ የሆነውን ለሕዝቡ ተናገረ። በፌብሩዋሪ 28 በአልማቲ ከተማ በደራስያን ማኅበር ሕንፃ ሕዝብ ተሰበሰበ። በዚያም «ኔቫዳ ሴሚፓላቲንስክ» የተባለው እንቅስቃሴ ተመሠረተ። ኔቫዳ የተባለው አሜሪካ ቦምቧን ትሞክርበት የነበረ ምድር ስለሆነ ነው። የዚያ ምድር ጥንታዊ ባለቤቶች የሆኑት የሾሾኒ ሕዝቦችም ከካዛኾቹ ጋር ተባበሩ። ኃያላኑ እርስ በርስ ቦምብ ሲደግኑ፣ የሁለቱም ተበዳዮች እጅ ለእጅ ተያያዙ።

ጥረታቸው ከንቱ አልቀረም። ለ1989 ከታቀዱት 18 ሙከራዎች 11ዱ ተሰረዙ። የመጨረሻው ሙከራ ኦክቶበር 19 ቀን 1989 ተደረገ። ኦገስት 29 ቀን 1991 የመጀመሪያው ቦምብ በፈነዳ በ42ኛ ዓመቱ የመሞከሪያው ሜዳ በአዋጅ ተዘጋ። ካዛኽስታን ነፃነቷን ስታገኝ በምድሯ ላይ ከ1,000 በላይ የኑክሌር አረሮች ነበሩ። እነዚህንም እስከ 1995 ድረስ ወደ ሩሲያ መለሰቻቸው። በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኦገስት 29 የኑክሌር ሙከራን የመቃወም ዓለም አቀፍ ቀን እንዲሆን ወሰነ። ይህ ሁሉ የተጀመረው የተደበቀውን ከመናገር ነው።

ጎብኚው ምን ያያል?

አሁን ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ወደዚያ ሜዳ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል። መነሻው በኢርቲሽ ዳር ያለችው የኩርቻቶቭ ከተማ ናት። በሶቪየት ዘመን ለሕዝብ የተከለከለች፣ በካርታም ላይ የማትገኝ ከተማ ነበረች። በቤተ መዘክሯ ለጨረር የተጋለጡ እንስሳት የአካል ክፍሎች በብርጭቆ ዕቃ ተቀምጠው ይታያሉ። ከዚያ በመኪና ተጉዞ የመጀመሪያው ቦምብ ከፈነዳበት ቦታ ይደረሳል። አስጎብኚው የጨረር መለኪያ ይዞ ከፊት ይሄዳል። በሜዳው ላይ መለኪያ መሣሪያዎች ይቀመጡባቸው የነበሩ ረጃጅም የኮንክሪት ማማዎች አሁንም ቆመዋል። በቅርጻቸው ምክንያት «ዝይ» ይሏቸዋል። እሳቱ በነካቸው በኩል ተልጠውና ጠቁረው ይታያሉ። ፍንዳታው የቆፈረው ጉድጓድ ውሃ አቁሮ በዙሪያው ሸምበቆ በቅሎበታል።

ሌላም አለ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1965 በቻጋን የውሃ ማጠራቀሚያ ለመቆፈር ተብሎ ቦምብ ከምድር በታች ፈነዳ። ስፋቱ 400 ሜትር፣ ጥልቀቱ 100 ሜትር ገደማ የሆነ ጉድጓድ ተከፈተ። ውሃ ሞልቶትም «የአቶም ሐይቅ» ተባለ። ላዩ እንደ ማንኛውም ሐይቅ ያምራል። በዳርቻው ያለው አፈር ግን ዛሬም ጨረር አለው። ሰው ዓይኑን ብቻ ቢያምን የሚጎዳበት ቦታ ነው።

እዚህ ላይ ሐቁን እንዳናዛባ እንጠንቀቅ። የሜዳው ሁሉም ክፍል እኩል የተበከለ አይደለም። አንዳንዱ ቦታ በብርቱ የተጎዳ ሲሆን ሌላው ከብት የሚሰማራበት ነው። በአካባቢው የሚታመም ሰው ሁሉ የታመመው በቦምቡ ነው ማለትም አይቻልም። በምስክርነት ላይ መጨመርም እንደ መደበቅ ሁሉ አማና ማጉደል ነውና።

የአስታዋሾቹ ሥራ ሌላ ገጽታም አለው። የመሞከሪያው ሜዳ ከተዘጋ በኋላ ችግር የጠናባቸው ሰዎች የመዳብ ሽቦና ብረት ፍለጋ ወደ ደገለን ዋሻዎች ይገቡ ነበር። በዋሻዎቹ ውስጥ የቀረው ፕሉቶኒየም በክፉ እጅ እንዳይገባ የካዛኽስታን፣ የሩሲያና የአሜሪካ ባለሙያዎች ለ17 ዓመታት አብረው ሠርተው በ2012 ደፈኑት። ዛሬ ሴሜይ በምትባለው በሴሚፓላቲንስክ ከተማ ደግሞ በ2001 የቆመ መታሰቢያ አለ። ከላይ እንጉዳይ የሚመስለው የቦምብ ደመና ተቀርጿል። ከሥሩ አንዲት እናት ልጇን በሰውነቷ ሸፍና ተደፍታለች። «ከሞት የበረታች» ይሉታል።

ካሪፕቤክ ኩዩኮቭን ደግሞ እንደ ሕያው መታሰቢያ ቁጠሩት። ከሜዳው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኝ መንደር በ1968 ያለ ሁለት እጆች ተወለደ። ብሩሹን በአፉና በእግሩ ይዞ የምድሩን ሰዎች ይስላል። በዓለም አደባባዮችም ቆሞ ለወገኖቹ ይናገራል። እኛ ዘንድ አካሉ የጎደለን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገቡ ቤቶች አሁንም አሉ። አላህ የሰጠንን ልጅ ከሰው ዓይን ስንደብቅ፣ ማን ያውቃል፣ ትልቅ ምስክር እየደበቅን ይሆናል።

የእኛስ ነገር?

«ይህ የሩቅ አገር ወሬ ነው» የሚል አድማጭ እንዳይኖር ወደ አህጉራችን እንምጣ። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ፈረንሳይ በቅኝ በያዘቻት በአልጄሪያ፣ በረጋን በረሃ ከሂሮሺማው ከ4 እጥፍ በላይ ኃይል ያለውን ቦምቧን አፈነዳች። ወሩ ሻዕባን ነበር። ሁለተኛው ኤፕሪል 1 ቀን የፈነዳው ሕዝቡ ረመዷንን ጨርሶ ዒድ አል-ፊጥርን ካከበረ ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው። እስከ 1966 ድረስ በአልጄሪያ ሰሐራ 17 ሙከራዎች ተደርገዋል። እዚያም «በረሃ ነው፣ ባዶ ነው» ተብሎ ነበር። የኦአሲስ ገበሬውንና ከግመሉ ጋር የሚንቀሳቀሰውን ዘላን የቆጠረው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ አገራችን ዝም አላለችም። ኖቬምበር 24 ቀን 1961 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኑክሌር መሣሪያን መጠቀም በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር 1653 ውሳኔ አሳለፈ። 55 አገሮች ደገፉት፣ 20 ተቃወሙት፣ 26ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። ሐሳቡን ከሌሎች አገሮች ጋር ሆና በግንባር ቀደምትነት ያቀረበችው ኢትዮጵያ ነበረች።

ኢትዮጵያ ይህን ለምን እንዳደረገች አባቶቻችን ያውቁታል። ከ1935 እስከ 1936 በነበረው ወረራ የጣሊያን አውሮፕላኖች በሰው፣ በከብትና በውሃ ላይ የመርዝ ጋዝ አዝንበዋል። ከሰማይ የወረደ ነገር ሣርና ውሃን ሲመርዝ ምን እንደሚመስል የእኛ እረኞች ከካዛኽ እረኞች አስቀድመው ቀምሰዋል። ያም ቢሆን ለረጅም ዘመን ሲካድ ኖሮ፣ የጣሊያን መንግሥት መርዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። 60 ዓመት! ያን ያዩ ሽማግሌዎች ብዙዎቹ እውነታቸው ሳይታመንላቸው ወደ ቀብር ወርደዋል።

ወደ ቤታችን ይዘነው የምንገባው

እንግዲህ ለወጣቱ መልሳችን ይህ ነው። ወደዚያ ሜዳ መሄድ ዚያራም መዝናኛም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ኒያው ነው። ፎቶግራፍ ለመነሳት የሄደ ፎቶግራፉን ይዞ ይመለሳል። የተበዳዮችን ነገር ሊያይና ላልሰማ ሊናገር የሄደ ግን የተደበቀ ምስክርነት ተሸክሞ ይመለሳል። መሄድ ያልቻልን እኛም ከዚህ አማና ውጭ አይደለንም። የሰማ ሰውም በሰማው ልክ ይጠየቃልና።

ውድ እናቶችና አባቶች! በየቤታችሁ በትምህርት የበረቱ፣ ነገ መሐንዲስ፣ ሐኪም፣ ተመራማሪ የሚሆኑ ልጆች አሉ። ለፈተና ስታስጠኗቸው ይህንም አስጠኗቸው። ያን ቦምብ የሠሩትም፣ የምስጢሩን መዝገብ የጻፉትም በክፍላቸው አንደኛ ይወጡ የነበሩ ልጆች ናቸው። የጎደላቸው ዕውቀት አልነበረም። ያወቁትን ለባለቤቱ የመንገር ድፍረት እንጂ። የእህል ነጋዴ እርጥቡን ከላይ እንዲያደርግ ከታዘዘ፣ የሰው ደም የመረመረ ሐኪም ምን ያህል ይታዘዝ!

እናንተ ወጣቶችም አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ተቀመጡና ጠይቋቸው። የጦርነቱን፣ የረሃቡን፣ የስደቱን ነገር በአንደበታቸው ስሙ፤ ጻፉትም። የካዛኽ ልጅ ሰባት አባቶቹን መቁጠሩ ነው ምድሩ «ባዶ» እንዳልነበረ ያስመሰከረለት። እኛስ ስንት አባት እንቆጥራለን?

የተበዳይ ዱዓ በእርሱና በአላህ መካከል መጋረጃ እንደሌለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል። በዶሎን፣ በካራውልና በካይናር፣ በረጋንም ያረፉትን ሙስሊሞች አላህ ይማራቸው፤ በሕመም ያሉትንም ያሽራቸው። የምናውቀውን እውነት ከማይደብቁት፣ ባልበደለ ሰው ላይም ክፉ ከማይሞክሩት ያድርገን። አሚን።

እስከ ሳምንት በሰላም እንድንገናኝ አላህ ያድርሰን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።